መቀየሪያ የምንለው ነገር ምን ይቀይራል?

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ልጃቸው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ይደውላል፤ ፊቱ ግን እየተቆራረጠ አስቸገራቸው። ሲምካርድ የሚገባበት የ4ጂ ራውተር አላቸው። ቤታቸው ከትልቅ ፎቅ ጀርባ ስለተሸጎጠ ግን ኔትወርክ እንደልብ አይደርሰውም። ልጁ ከዚያው ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አንቴና ገዝቶ በሰው ላከላቸው፤ ገመዱ ከነራሱ ተያይዞ የመጣ።

«ራሴ ገጠምኩት። ግጥም ብሏል። ግን ጭራሽ ባሰበት» አሉኝ።

እውነትም ግጥም ብሏል። ጥርሱ ሳይነክስ፣ ሳይጣመም፣ እስከ መጨረሻው ዞሯል። የኔትወርኩን ጉልበት የሚያሳየው የራውተሩ መብራት ግን ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል። ፈታሁት። የስልኬን ባትሪ አብርቼ የገመዱን ጫፍ አየሁት፤ መሀሉ ላይ ቀዳዳ። የራውተሩን ጀርባ አየሁ፤ እዚያም ቀዳዳ። ቀዳዳ ከቀዳዳ ነበር የተጋባው። ውጪው ተጣብቋል፤ መሀሉ ላይ ግን አንዱ ሌላውን የሚነካበት መርፌ የለም። አንቴናው ጣሪያ ላይ፣ ራውተሩ ሳሎን፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ሚሊሜትር የማትሞላ ክፍተት።

ይህን ችግር ያመጣው የፋብሪካ ስህተት አይደለም፤ ሕግ ነው። ራውተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ወርቃማ ጃክ ኤስኤምኤ ትባላለች። በደንቡ የውስጥ ጥርስ ያለው ራስ መሀሉ ላይ መርፌ አለው፤ እሱ «ወንድ» ነው። የውጪ ጥርስ ያለው ደግሞ ቀዳዳ አለው፤ እሷ «ሴት» ናት። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ያለ ፈቃድ የሚሠሩ መሣሪያዎችን ደንብ ሲያሻሽል ሰው ያገኘውን አንቴና ሁሉ እንዳይሰካባቸው የተለመደ ጃክ አይኑራቸው አለ። የዋይፋይ ራውተር ሠሪዎች መላ አመጡ። ጥርሱን እንዳለ ትተው መርፌውንና ቀዳዳውን አገላበጡት። አርፒ-ኤስኤምኤ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ የተገላበጠውም በየሱቁ ስላለ ክልከላው ማንንም አይከለክልም። ለእኛ የቀረልን ግራ መጋባቱ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች ያለ ምንም ችግር አንዱ ባንዱ ላይ ይዞራሉ። ዓይን ደግሞ ጥርሱን እንጂ መሀሉን አያይም። ከዚህ በላይ የሚያናድደው አንዳንድ ራውተር ላይ የዋይፋዩ በኩል የተገላበጠው፣ የሲምካርዱ በኩል ደግሞ መደበኛው መሆኑ ነው። አንድ እቃ፣ አንድ ጀርባ፣ ሁለት ቋንቋ።

ለጋሼ የሚያስፈልጋቸው በሁለቱም ጫፍ መርፌ ያላት አንዲት ትንሽ ብረት ነበረች። ልገዛላቸው ወጣሁ።

ችግሩ ስሟ ነው። ሱቅ ገብታችሁ «አዳፕተር አለ?» ብትሉ ባለሱቁ የላፕቶፕ ቻርጀር ያወጣላችኋል። አዳፕተር ማለት እኛ ጋ ኮሬንቲ ቀንሶ የሚያመጣው ጥቁር ሳጥን ነው። «ጃክ» ብትሉ የጆሮ ማዳመጫውንም፣ የዲሹንም ያሳያችኋል። ሠራተኞቹ ራሳቸው «መቀየሪያ» ይሏታል፤ «ከዚህ ወደዚህ የምታገባ መቀየሪያ» ብላችሁ ሁለቱን ጫፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ካላሳያችሁ አትግባቡም። እኔም የጋሼን ገመድ ይዤ ሄጄ ነው ሦስተኛው ሱቅ ላይ ያገኘሁት።

መቀየሪያ የሚለው ስም ግን ያሳስታል። ይህች እቃ ቅርፅ ከመቀየር በቀር ምንም አትቀይርም። ወፍራሙን ራስ ከቀጭኑ፣ የሚዞረውን ከሚሰካው ታገናኛለች። ገመዱ ውስጥ የሚሄደውን ነገር፣ የገመዱን ባሕርይ፣ ከወዲያ ማዶ ያለውን መሣሪያ ቋንቋ አትነካም። ስለ መቀየሪያ ሲወራ ግን ሰው የሚፈራው አብዛኛውን ጊዜ የማያስፈራውን ነው። የሚያስፈራውን ደግሞ በናስትሮ ጠቅልሎ ያልፈዋል።

በመጀመሪያ የሚፈራውን እንይ። ትንሽ ያነበበ ሰው ሁሉ «50 ኦምን ከ75 ኦም ጋር አታገናኝ» ይላችኋል። የዲሽና የቴሌቪዥን ገመድ 75 ኦም ነው። የራውተር፣ የሞባይል ማማና የመገናኛ ሬዲዮ ገመድ 50 ኦም ነው። ይህ ኦም በቴስተር የሚለካው ዓይነት አይደለም። የዲሽ ገመድ ሁለት ጫፍ ላይ ቴስተር ብታደርጉ 75 የሚል ቁጥር አታዩም። ቁጥሩ የሚመጣው የመሀሉ ሽቦ ውፍረት ከውጪው መረብ ስፋት ጋር ካለው ንፅፅርና በመካከላቸው ካለው ፕላስቲክ ነው። ፈጣን ሞገድ ገመዱ ውስጥ ሲሮጥ የሚገጥመው «ክብደት» ነው ማለት ይቻላል።

ቀጭን ሲባጎ ከወፍራም ገመድ ጋር ቋጥሩና አንዱን ጫፍ ግድግዳ ላይ እሰሩት። ሌላውን ጫፍ ይዛችሁ አንዴ ብታርገበግቡት ሞገዱ እየሮጠ ቋጠሮው ጋ ይደርሳል። እዚያ አብዛኛው ያልፋል፤ ትንሹ ግን ወደ እጃችሁ ይመለሳል። 50 ከ75 ሲገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው። ጥያቄው ምን ያህሉ ይመለሳል የሚለው ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የሁለቱ ልዩነት 25፣ ድምራቸው 125፤ ሲካፈል 0.2 ይመጣል። ኃይሉን ለማወቅ በራሱ ስናባዛው 0.04፤ ማለትም 4 በመቶ። ከመቶው 96 ያልፋል፣ 4 ይመለሳል። የሞገድ ጉልበት መጨመርና መቀነስ በሚለካበት በዴሲቤል 0.18 ያህል ነው። የራውተር መብራት ይህን ያህል ቢቀንስበት አይታወቀውም። በመሀል 75 ኦም ገመድ ገብቶ በሁለቱም ጫፍ 50 ኦም መሣሪያ ካለ የሁለቱ መጋጠሚያ ምላሽ ሊደራረብ ይችላል። የገመዱ ርዝመት ከሞገዱ ጋር በክፉ አጋጣሚ ሲገጥም 15 በመቶ ገደማ ይመለሳል፤ ይህም ወደ 0.7 ዴሲቤል ኪሳራ ነው። በመልካም አጋጣሚ ደግሞ ምንም ላይመለስ ይችላል።

ኦሙን በእውነት የሚቀይር መሣሪያም አለ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ለልኬት የሚጠቀሙበት፣ ተከላካይ የተገጠመለት ጃክ ነው። ምንም ነገር ወደ ኋላ አይመልስም፤ በምትኩ ግን 5.7 ዴሲቤል ይበላል። ከመጣው ኃይል ሩብ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። 4 በመቶ ላለማጣት ሲባል 70 በመቶውን ማጣት! ለመለካት ካልሆነ በቀር መድኃኒቱ ከበሽታው ይብሳል። ያነሰ የሚበላ ትራንስፎርመር ያለበት አለ፤ ቤት ውስጥ ለሚያዳምጥ ሰው ግን ያም ቢሆን ከልኩ ያለፈ ድካም ነው።

በነገራችን ላይ ሁለት ቁጥር የሆነው ለምንድን ነው የሚል ካለ፣ በመሀሉ አየር ያለው ገመድ ትንሽ ኪሳራ የሚያሳየው 77 ኦም አካባቢ ነው። ብዙ ኃይል የሚሸከመው ደግሞ 30 ኦም አካባቢ። ቴሌቪዥን መቀበል እንጂ መላክ ስለማያውቅ የመጀመሪያውን ተጠጋ። ሬዲዮ ሁለቱንም ስለሚሠራ መሀል ላይ ቆመ።

አሁን ወደሚያስፈራው እንምጣ፤ ለዚህ ደግሞ ከዲሽ የተሻለ ቦታ የለም። አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ሰሀኑ ሁሉ ወደ ምዕራብና ወደ ምስራቅ ተከፋፍሎ ነው የሚታየው። የድሮው ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች የገቡበት ኢትዮሳት ደግሞ ኤንኤስኤስ-12 በሚባለው ሳተላይት ላይ፣ 57 ዲግሪ ምስራቅ ነው። ያኔ ስንቱ ቤት ሰሀኑን አዞረ፣ ስንቱ ሁለተኛ ሰሀን ጨመረ! ሰሀን ሲንቀሳቀስ ገመድ ያጥራል። ገመድ ሲያጥር ይቀጠላል። ሁለቱን ሰሀን ከአንድ ሪሲቨር የሚያገናኝ ስዊች ሲጨመር ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት መጋጠሚያ ይመጣል። የሰፈራችን ጣሪያ የመጋጠሚያ ኤግዚቢሽን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዲሽ ጃክ ኤፍ ይባላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለኬብል ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። ብልሃቱ ርካሽነቱ ላይ ነው፤ የራሱ መርፌ የለውም። የገመዱ የመሀል ሽቦ ራሱ ይወጣና መርፌ ይሆናል። ርካሽነቱ ግን እዳ አለው። አርጂ-6 የሚባለው ወፍራሙ ገመድ የመሀል ሽቦው 1 ሚሊሜትር ነው። አርጂ-59 የሚባለው ቀጭኑ ወደ 0.6 እና 0.8 ይወርዳል። ቀጭኑን ገመድ ለወፍራሙ በተሠራ መጋጠሚያ ውስጥ ስትሰኩት ይገባል፤ ግን ይወዛወዛል። ንፋስ ሲመጣ ምስሉ ይጠፋል፤ ንፋሱ ሲያልፍ ይመለሳል። ባለሙያ ተጠርቶ ሲመጣ ደግሞ ሁሌም ይሠራል።

በዚህ ገመድ ውስጥ ሁለት ነገር ነው የሚሄደው። ከሰሀኑ ወደ ታች ምስሉን የያዘው ሞገድ ይወርዳል፤ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ። ከሪሲቨሩ ወደ ላይ ደግሞ ኤልኤንቢውን (ሰሀኑ ፊት ላይ ያለችውን መቀበያ) የሚያበላው ኮሬንቲ ይወጣል፤ 13 ወይም 18 ቮልት። ሪሲቨሩ በ13 አንዱን ዓይነት ጣቢያ፣ በ18 ሌላውን ይጠይቃል። እንግዲህ ከውጪው መረብ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ተርፋ ጃኩ ውስጥ ከመሀሉ ጋር ብትነካካ ሪሲቨሩ በቀጥታ ሾርት ገጠመው ማለት ነው። ጥሩው ራሱን ይዘጋል። ርካሹ ይቃጠላል። መቀየሪያ በተጨመረ ቁጥር ይህች ፀጉር የምትደበቅበት ቦታ በሁለት ይጨምራል። ለዚህ ነው ጃክ ከመንካት በፊት ሪሲቨሩ ከስፒናው መነቀል ያለበት። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም።

አንዳንዱ ደግሞ ጃክ የሚባል ነገር ሳያስፈልገው ሁለቱን ገመድ ልጦ፣ መዳቡን በፒንሳ ጠምዝዞ፣ መረቡን ከመረቡ አጣምሮ፣ ናስትሮ ይጠመጥምበታል። ይሠራል ወይ? ኮሬንቲው ያልፋል፤ ኤልኤንቢው ይነሳል፤ ከጣቢያዎቹ ግማሹ ይመጣል። ሰውየውም «አየህ!» ይላል። የቀረው ግማሽ የት ሄደ? በ2 ጊጋኸርዝ ላይ ያለ ሞገድ አየር ላይ 15 ሴንቲሜትር ይረዝማል። የዲሽ ገመድ ውስጥ 12 ገደማ ነው። ሩቡ 3 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የተላጠው ቦታ ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አያንስም። ለሞገዱ ያ ቦታ ኮብልስቶን ላይ ድንገት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ይሻገረዋል፤ ከፍተኛው ይወድቃል። ስለዚህ «አንዳንዱ ጣቢያ ይመጣል፣ አንዳንዱ አይመጣም» የሚል ስሞታ ስሰማ ሰሀኑን ከማስነካቴ በፊት መጀመሪያ የማየው መጋጠሚያውን ነው።

በዚሁ ሂሳብ መቀየሪያ መቼ ግድ እንደማይሰጠንም ማወቅ ይቻላል። የድሮው ዓይነት የሱቅ ካሜራ ምስሉን የሚልከው እስከ 6 ሜጋኸርዝ ገደማ ባለው ነው። ያ ሞገድ 50 ሜትር ይረዝማል። ቢኤንሲ የሚባለውን የካሜራ ጃክ በመቀየሪያ የቴሌቪዥኑ ቢጫ ቀዳዳ ውስጥ ብትሰኩት፣ ሁለት ብትደራርቡም፣ ለ50 ሜትር ሞገድ ሦስት ሴንቲሜትር ብረት እንቅፋት አይሆነውም። የሚሮጠው ነገር በፈጠነ ቁጥር ነው የብረቷ ጥራት ዋጋ የሚያወጣው። ለዚህ ነው ለዲሽ ስትገዙ ሁለት በኩሉ ሴት የሆነውን መጋጠሚያ ጀርባውን ማየት የሚያስፈልገው። እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚል የተጻፈበት አለ፤ ምንም ያልተጻፈበት የድሮም አለ። በዋጋ አይራራቁም።

ቅርፅ ሁሉንም እንደማይፈታ የሚያሳይ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ቴሌቪዥን። ዘመድ በሻንጣ ወይም በእቃ መጫኛ ይልከዋል። የአሜሪካው የአንቴና ቀዳዳ የኤፍ ነው፣ በጥርስ የሚዞር። እኛ ጋና አውሮፓ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ የሚሰካው 9.5 ሚሊሜትር ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ቤሊንግና ሊ የሚባሉ እንግሊዞች ያመጡት፤ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጉድ። በሁለቱ መካከል የምታገባ መቀየሪያ በቀላሉ ትገኛለች፤ ኦሙም አንድ ነው፣ 75። ትገጥማለች። «ቻናል ፈልግ» ሲባል ግን ምንም የለም። የአሜሪካው ቴሌቪዥን የሚሰማው ኤቲኤስሲ የሚባለውን የራሱን ስርጭት ነው፤ የእኛን አያውቀውም። ጃኩ ላይ ያለው ችግር ተፈታ፣ ቋንቋው ላይ ያለው ቀረ። መፍትሔው ሪሲቨር በኤችዲኤምአይ ማገናኘት ነው። ከዚያ በፊት ግን ጀርባው ላይ 110 ቮልት ብቻ የሚል ካለ እንዳትሰኩት። ስንቱ ቴሌቪዥን ከዳላስ መጥቶ ሳሎን ውስጥ በአንድ ሰከንድ እንዳለቀ ቤቱ ይቁጠረው።

እስካሁን ያልኩት ስለ መቀበል ነው። የሚልክ መሣሪያ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። ተቀባይ ላይ 4 በመቶ ተመለሰ ማለት 4 በመቶ ቀረ ማለት ነው። 100 ዋት የሚልክ ሬዲዮ ላይ ግን 4 ዋት ወደ መሣሪያው ይመለሳል። ይህ አሁንም ይቻላል፤ መርፌው ያልነካ መቀየሪያ ሲሆን ግን ሁሉም ነው የሚመለሰው። የማስተላለፊያውን ትራንዚስተር የሚገድለው ይህ ነው። የእጅ ሬዲዮ የሚጠቀሙ ሰዎች ባኦፌንግ የሚባለውን ሬዲዮ ያውቁታል። ብዙዎቹ ሞዴሎቹ ላይ ያለው ኤስኤምኤ ከሌሎቹ ተቃራኒ ነው፤ መርፌው ያለው ሬዲዮው ላይ ነው። የሌላ ሬዲዮ አንቴና አምጥቶ ለማግባት ሲባል መቀየሪያ ይደረጋል፤ ከዚያ ከወፍራም ገመድ ጋር ለማያያዝ ሌላ መቀየሪያ፤ ገመዱ ጫፉ ፒኤል-259 ስለሆነ ሦስተኛ።

ፒኤል-259 የሚባለው ወፍራሙ ጃክ የ1930ዎቹ ሥራ ነው። ሌላ ስሙ ዩኤችኤፍ ነው፤ ያኔ ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ «እጅግ ከፍተኛ» ይባል ነበርና። ዛሬ በዩኤችኤፍ ላይ እንዳትጠቀሙበት የሚመከረው ዩኤችኤፍ የሚባል ጃክ እሱ ነው። ከ300 ሜጋኸርዝ በታች ግን ደህና ሠራተኛ ነው።

ሦስት መቀየሪያ በሰልፍ ሲገጠም ሞገዱ ላይ የሚደርሰው ኪሳራ ብዙም አይደለም። ደህና የተሠራ መቀየሪያ በየአንዳንዱ 0.1 ወይም 0.2 ዴሲቤል ነው የሚወስደው። የሚጎዳው ጉልበት ነው። የጣት ጫፍ የምታህል የኤስኤምኤ ጃክ ላይ አንድ ጣት የሚረዝም የብረት ሰልፍ ሰክታችሁ ጫፉ ላይ ወፍራም ገመድ ብታንጠለጥሉበት ብረቱ እንደ መፈንቅል ሆኖ ጃኩን ከቦርዱ ይነቅለዋል። ቦርዱ ላይ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ከውጪ አይታይም፤ ሬዲዮው «አንዳንዴ ይሠራል» ይሆናል። እዚህ ላይ ከሰልፍ ይልቅ ሁለት ጫፉ የተለያየ አጭር ቅጥያ ገመድ ይሻላል። ገመዱ ክብደቱን ይሸከማል፤ ጃኩ ያርፋል።

ጃክ ደግሞ ዕድሜ አለው። ኤስኤምኤ 500 ጊዜ ያህል ለመፍታትና ለማሰር ነው የተሠራው። ራውተሩ ሆድ ውስጥ ያለችው የሽምብራ ግማሽ የምታህል ጠቅ የምትል ጃክ ደግሞ 30 ጊዜ ገደማ። «እስቲ ልየው» እያሉ መነካካት የሚያስከፍል መሆኑን ከዚህ መገመት ነው። በየቀኑ የሚሰካና የሚነቀል ነገር ካለ አንዲት መቀየሪያ ራውተሩ ላይ በቋሚነት ትታችሁ መሰካቱንም መንቀሉንም እሷ ላይ ማድረግ ብልህነት ነው። ስትበላ እሷ ትቀየራለች፤ ራውተሩ ይተርፋል። መቀየሪያን በዚህ ሥራ ነው የምወዳት።

አንድ ጊዜ በስህተት ከተደረገ የማይመለስም አለ። ኤን የሚባለው ደልደል ያለው ጃክ 50ውም 75ውም ጥርሱ አንድ ነው። የ75ቱ መርፌ ግን ቀጭን ነው። የ50ውን ወፍራም መርፌ በ75ቱ ሴት ውስጥ ካስገባችሁ ቀዳዳውን ይበረግደዋል፤ ከዚያ ወዲህ የራሱን ቀጭን መርፌ እንኳን አይጨብጥም። ቢኤንሲ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ የዛሬዎቹ ሁለቱም ይገጣጠማሉ። ስለዚህ በትልቁ ብረት ላይ ነው መጠንቀቅ።

ውሃ ከዚህ ሁሉ የከፋ ጠላት ነው። የውጪ መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ ሲገባ መረቡን ተከትሎ እንደ ፋኖስ ክር ወደ ውስጥ ይሳባል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሁለትና ሦስት ሜትር ገመድ አረንጓዴ ሲሆን አይቻለሁ። ናስትሮ ብቻውን አይከላከልም፤ ፀሐይ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ከዚያ ውሃውን ከማስወጣት ይልቅ ያጠራቅመዋል። ፌስታልማ ይብሳል። የሚሻለው ሲለጠጥ ራሱ በራሱ ላይ የሚጣበቀው የጎማ ቴፕ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠመጠመው፣ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የላይኛው የታችኛውን እንዲሸፍን። ናስትሮው ከዚያ በላይ ለፀሐይ ይሁን። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ እንደ ኡ ፊደል መታጠፍ አለበት፤ ጠብታው እዚያ ይወድቃል። እዚህ ጣሪያ ላይ ላሉት መቀየሪያዎች ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሁለት በኩል መርፌ ያላትን ብረት ይዤላቸው ሄድኩ። ገጠምናት። መብራቱ ከአንድ ወደ ሁለት ተመለሰ፤ አንቴናው ሳይኖርም ሁለት ነበርና ትርፉ ዜሮ ነው። ገመዱን አየሁት። አሥር ሜትር ነው፣ ቀጭን፣ አርጂ-58 ይላል። 50 ኦም ነው፣ «ትክክለኛው» ነው። ይህ ገመድ በ1800 ሜጋኸርዝ አካባቢ በአሥር ሜትር ስምንት ዘጠኝ ዴሲቤል ይበላል። አንቴናው ጣሪያ ላይ የሰበሰበውን ገመዱ ደረጃ ላይ ጨረሰው ማለት ነው።

ጣሪያቸው ላይ ደግሞ ሁለተኛውን ሰሀን ካወረዱ ወዲህ ሥራ የፈታ የዲሽ ገመድ ነበር፤ አርጂ-6፣ ጤናማ፣ በቀጥታ ሳሎን የሚገባ። ያ ገመድ በዚያው ርዝመት ሦስት ዴሲቤል ገደማ ነው የሚበላው። አንቴናው ላይ ያለውን ቀጭን ገመድ ግማሽ ሜትር ላይ ቆርጬ ጫፍ አሰርኩለት። ከዚያ ከኤስኤምኤ ወደ ኤፍ የምታገባ አንዲት መቀየሪያ ጣሪያ ላይ፣ አንዲት ሳሎን።

ጋሼ ግን ኢንተርኔት ላይ አንብበው ኖሯል። «75 ነው እኮ ይሄ! 50 ነው የሚባለው» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። የሂሳብ አስተማሪ ነበሩና ወረቀት አመጡ፤ 25 ለ125 ብለው ራሳቸው አካፈሉት። አራት በመቶውን አዩና ወረቀቱን አጠፉት።

መብራቱ ሦስት ሆነ፤ አንዳንዴ አራት። ቅዳሜ ማታ ልጁ ሲደውል ፊቱ አልተቆራረጠም። እሱም ስለ አንቴናው ጠየቀ፤ «የላክኸው ጥሩ ነው፤ ገመዱን ግን ጣልነው» አሉት። ጣሪያ ላይ ያለችው መቀየሪያ ለጊዜው በናስትሮ ብቻ ናት። የጎማውን ቴፕ ሰኔ ሳይገባ አምጥቼ ልጠቀልልላቸው ቃል ገብቻለሁ።